ደጃዝማች የሌለበት ቤት የለም

መንዝ ውስጥ ከሰላምታ ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ስምህ ማን ይባላል?» አይደለም፤ «የማን ልጅ ነህ?» ነው። የራስህን ስም ብትናገር ለጠያቂው ምንም አልፈየድህለትም። የአባትህን ስትነግረው አንገቱን ዘንበል ያደርጋል። የአያትህን ስትጨምርለት «እህ» ይላል። ቅድመ አያትህ ላይ ስትደርስ ግን ከሁለት አንዱ ይሆናል፤ ወይ ዘመድ መሆናችሁ ተገኝቶ እንደ አዲስ ጉንጭህን ይስምሃል፣ ወይ «አሃ! የእነዚያ!» ብሎ ዝም ይላል። ዝም ካለህ የሱ አያትና ያንተ አያት በአንድ ወሰን ሲሟገቱ ኖረው፣ ሙግቱን ሳይጨርሱ ሞተዋል ማለት ነው።

ውጭ አገር የሚኖረው የእህቴ ልጅ ይህን ጥያቄ በስልክ መተግበሪያ ሊመልሰው ተነሥቷል። መተግበሪያው ሣጥን በሣጥን ላይ የተደረደረበት ነገር ነው፤ በየሣጥኑ ስም፣ የትውልድ ቀን፣ የትውልድ ቦታና ፎቶግራፍ ይጠይቃል። ልጁ ደውሎ የቅድመ አያቴን የትውልድ ቀን ጠየቀኝ።

«ከክፉ ቀን በፊት ነው» አልኩት።

«እሺ ጋሼ፣ ቀኑ ግን ስንት ነው?»

ክፉ ቀን ማለት በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከብቱ በበሽታ አልቆ ሰዉ በረሃብ የረገፈበት ዘመን መሆኑን ነገርኩት። በእኛ አገር የሰው ዕድሜ የሚቆጠረው በመዓት ነው፤ አንዱ ከክፉ ቀን በፊት ይወለዳል፣ አንዱ በ1911 ዓ.ም. በኅዳር በሽታ፣ ሌላው ጣሊያን የገባ ጊዜ። በደኅና ቀን የተወለደ ሰው ዕድሜውን የሚያውቅለት የለም። ልጁ ጥቂት አሰበና «ታዲያ 1880 ብዬ ልሙላው?» አለኝ። «የፈረንጅ ከሆነ ስምንት ጨምርበት» አልኩት። ጨመረበት። መተግበሪያው ያለ አንዳች ጥርጣሬ ተቀበለ። ፎቶግራፉን አላነሣነውም።

ልጁ ያልገባው አንድ ነገር አለ። እሱ ዘሩን የሚቆጥረው ማን እንደሆነ ለማወቅ ነው። መንዝ፣ ግሼና መርሐቤቴ ላይ ግን አባት የሚቆጠረው እርሻ ለማግኘት ነበር። ራስን ማወቅ የሚባለውን ነገር አያቶቻችን ጊዜ ሲተርፋቸው ያስቡበት ይሆናል፤ ጊዜ ግን አልተረፋቸውም፤ ሙግት ላይ ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ርስት በነበረበት ዘመን መሬቱን መጀመሪያ የያዘው ሰው አቅኚ አባት ይባላል። ከሱ የተወለደ ሁሉ፣ በወንድም ይምጣ በሴት፣ ከዚያ መሬት ድርሻዬን ብሎ መነሣት ይችላል። ስለዚህ አንድ ገበሬ በአባቱ ቆጥሮ አንድ ቦታ ይጠይቃል፤ በእናቱ ቆጥሮ ሌላ፤ በአባቱ እናት ወንዝ ተሻግሮ ሌላ፤ በእናቱ አባት ቆላ ወርዶ ሌላ። አያት የበዛለት ሰው ተስፋው ብዙ ነው። ሁሉን አይጠይቅም እንጂ፤ ሁሉን ቢጠይቅ መቼ ያርሳል?

አገሩ ራሱ የተሰየመው በዚህ ቆጠራ ነው። መንዝን ማማ፣ ላሎና ጌራ የሚባሉ ሦስት አባቶች ተካፈሉት ይባላል፤ ዛሬም ወረዳዎቹ መንዝ ማማ ምድር፣ መንዝ ላሎ ምድር፣ መንዝ ጌራ ምድር ናቸው። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ የሚኖርበት የጓሳ ደጋም በዚሁ ሕግ ሲጠበቅ ኖሯል። አስቦና ጌራ የሚባሉ ሁለት አቅኚዎች ድንበራቸውን በፈረስ ግልቢያ ለዩት ይላል ትውፊቱ፤ ከዚያ በኋላ ሣሩን ማጨድ የሚችለው ከነሱ የተወለደ ብቻ ሆነ፤ እሱም ቢሆን የሚከፈትበትን ወቅት ጠብቆ። ጎጆውን ሊከድን ሣር የፈለገ ሰው ከማጭዱ በፊት አያቱን ይዞ መምጣት ነበረበት። ፈረንጆች ዛሬ ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ምሳሌ እያሉ መጥተው ያጠኑታል። እውነት ነው፤ ጥበቃው ግን የጀመረው ዘመድ ያልሆነን ሰው ከመጠበቅ ነው።

ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ የማኅበረሰብ ጥናት ምሁር መንዝ ውስጥ ተቀምጦ ካጠና በኋላ በ1965 እ.ኤ.አ. «ሰምና ወርቅ» የተሰኘውን መጽሐፉን አሳተመ። መንዜ ለርስቱ ያለውን ፍቅርና ለሙግት ያለውን ትጋት አስተውሏል። እኔ ብጠየቅ ፍቅሩን ከትጋቱ መለየት የሚቻል አይመስለኝም እላለሁ።

የአባቴ አጎት በዚህ ሙያ አንቱ የተባሉ ነበሩ። ትውልድ አዋቂ ይሏቸዋል። ፊደል አልቆጠሩም፤ ሰው ግን ቆጥረዋል። በላ ልበልሃ እየተባለ በሚሟገቱበት ዘመን፣ ተሟጋቹ ዘንጉን ይዞ ቆሞ ቤት በሚመታ ንግግር ባላጋራውን ሲያፋጥጥ፣ እሳቸው ከኋላው ቁጭ ብለው ስም ያቀብሉታል። ጠበቃ አንደበት ይሸጣል፤ እሳቸው የሚሸጡት ቅድመ አያት ነበር።

ሙያው የራሱ ጥበብ አለው። ሰው እንደሚመስለው ትልቁ ጥበብ የራስን አባት ከአቅኚው ጋር ማገናኘት አይደለም፤ እሱን ማንም ያደርገዋል። ዋናው ጥበብ የባላጋራን አያት መካን ማድረግ ነው። መሬቱ የሚከፈለው በአቅኚው ልጆች ቁጥር ነውና፣ ከአራቱ ልጆች አንዱ «ዘር ሳይተካ ሞተ» ከተባለ የቀሩት ድርሻ ይሰፋል፤ የባላጋራው ቤተሰብ በሙሉ፣ ከነልጅ ልጁ፣ ዳኛው ፊት እንደቆመ ሳይወለድ ይቀራል። አጎታችን በዘመናቸው ብዙ ሰው መካን አድርገዋል። ከሞቱ ሁለት መቶ ዓመት ያለፋቸው፣ ልጆቻቸውን ድረው ኩለው ያረፉ ሰዎችን ማለቴ ነው።

እኚሁ ሰው ለሠርግ ሲጠሩ ደግሞ ሌላ ሰው ይሆናሉ። በእኛ አገር ወንድና ሴት ሊጋቡ ሲታሰቡ ሰባት ቤት መቆጠሩ ግድ ነው። ከቅድመ አያት በላይ ምንዝላት፣ እንጅላት፣ ፍናጅ፣ ቅናጅ እየተባለ ሽቅብ ይወጣል፤ ሰባት ሳይሞላ ሐረጉ አንድ ሰው ላይ ከተገናኘ ጋብቻው ቀረ። ደግ ሕግ ነው። ችግሩ መንዝ ዙሪያው ገደል መሆኑ ነው። ሰው የሚጋባው በእግሩ ሄዶ ከሚደርስበት ነው፤ በእግር በሚደረስበት ቦታ ሁሉ ደግሞ ዘመድ አለ።

አንድ ጊዜ ነው አሉ፣ ጠላው ተጠምቆ፣ በሬው ተገዝቶ፣ ሁለቱም ወገን ለቆጠራው የመጨረሻ ፊርማ ያህል ብቻ አጎታችንን ጠሯቸው። እሳቸውም ከወንዱ ወገን ቆጠሩ፣ ከሴቷ ወገን ቆጠሩ፤ ሁለቱ ስድስተኛው ቤት ላይ ተገናኙ። ሽማግሌው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አጎታችን ጭራቸውን ወዘወዙና፣

«ቆይ፣ በመሐል አንድ ሰው ዘለልን» አሉ።

«ማን ናቸው አባባ?»

«ስማቸው ጠፋኝ። ቀይ ሰው ነበሩ።»

«የማን ልጅ?»

«የሳቸው ልጅ፣ የኚህ አባት። ግራኝ ነበሩ፤ በግራ እጃቸው ነበር ጦር የሚወረውሩት።»

እንዲህ ያለ ሰው ባይኖር ግራኝነቱ ከየት ይመጣል? ሽማግሌዎቹ «አዎን፣ አዎን፣ እኔም ሰምቻለሁ» ተባባሉ። ሰባት ቤት ሞላ። ሠርጉ ተሠረገ፤ ልጆችም ተወለዱ። ዛሬ በእህቴ ልጅ ስልክ ውስጥ ስም የሌላቸው፣ ቀይ፣ በግራ እጃቸው ጦር የሚወረውሩ አያት የራሳቸው ሣጥን አላቸው።

እንግዲህ አንድ ሰው ችሎት ላይ አያት ይቀንሳል፤ ሠርግ ላይ አያት ይጨምራል። ይህ የገበሬ ተንኮል ብቻ እንዳይመስላችሁ። የነገሥታቱም ሐረግ የተሳበው በዚሁ እጅ ነው።

የሸዋ ነገሥታት ምንጫቸው መንዝ ነው። ነጋሲ ክርስቶስ ከአጋንቻ ተነሥተው ዙሪያውን ገዙ፤ ጎንደር አፄ ኢያሱ ዘንድ ሄደው ሳሉ በፈንጣጣ ሞቱ ይባላል። ነጋሲ ስብስትያኖስን ወለዱ፤ ስብስትያኖስ አብዬን፤ አብዬ አምኃ ኢየሱስን፤ አምኃ ኢየሱስ አስፋ ወሰንን፤ አስፋ ወሰን ወሰን ሰገድን፤ ወሰን ሰገድ ሣህለ ሥላሴን፤ ሣህለ ሥላሴ ኃይለ መለኮትን፤ ኃይለ መለኮት ምኒልክን። ይህ የጠራ ነው፤ ወንድ ከወንድ፣ አንዱ ካንዱ። ከነጋሲ ወደ ላይ ግን ጭጋግ ነው። የሸዋ ቤት ራሱን የሚያገናኘው ከአፄ ልብነ ድንግል ልጅ ከአቤቶ ያዕቆብ ጋር ነው፤ ከልብነ ድንግል ሞት እስከ ነጋሲ መነሣት ባለው ከመቶ ዓመት በላይ በሆነ ጊዜ ውስጥ የሚገቡት ስሞች ግን እንደ ተራኪው ይለያያሉ። እዚያ መሐል አንድ ቀይ ሰው መኖራቸውን እኔ በበኩሌ እጠረጥራለሁ።

አፄ ኃይለ ሥላሴ ደግሞ እንደ ፈረንጅ በወንድ ብቻ ቢቆጠሩ የሣህለ ሥላሴ ቤት አይሆኑም። አባታቸው ራስ መኮንን የደጃዝማች ወልደ ሚካኤል ልጅ ናቸው። የንጉሡ ደም የመጣው በራስ መኮንን እናት፣ በወይዘሮ ተናኘወርቅ ሣህለ ሥላሴ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ ዘውዱ የቆጠሩት፣ መንዜው ወንዝ ማዶ ላለች እርሻው በሚቆጥርበት መንገድ ነበር ማለት ነው፤ በአባት እናት። ልዩነቱ ገበሬው ሲረታ የዳኛ ፍርድ ይዞ መሄዱ ነው፤ እሳቸው ሕገ መንግሥት አስጻፉበት። የ1948ቱ የተሻሻለው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 2 ዘውዱን ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ለሚወርደው ለኃይለ ሥላሴ ዘር ለዘለዓለም አጸና፤ ያ ዘር ደግሞ ከንግሥተ ሳባና ከንጉሥ ሰሎሞን ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ የመጣ መሆኑን ደነገገ። በነጋሪት ጋዜጣ የታወጀን አያት የትኛው ትውልድ አዋቂ መካን ያደርገዋል? የአባቴ አጎት ይህን ሲሰሙ በሙያ ቅናት ራሳቸውን ነቀነቁ አሉ።

ሒሳቡን ከተቀመጥንበት እንሥራው። ከአፄ ኃይለ ሥላሴ እስከ ነጋሲ ዘጠኝ ትውልድ ነው። ሰው ሁለት ወላጅ፣ አራት አያት፣ ስምንት ቅድመ አያት አለው። እንዲህ እያጠፍን ስንወጣ፣ ጋብቻ ካልተደራረበ፣ በዘጠነኛው ላይ 512 ሰው እናገኛለን። አንዱ ነጋሲ ናቸው። የቀሩት 511ዱ የት ገቡ? ገብስ ያጭዱ ነበር። በግ ይጠብቁ ነበር፤ የበግ ጠጉር ይፈትሉ ነበር፤ ቁር ሲበረታባቸው ባና ተከናንበው ምድጃ ዳር በሶ ይበሉ ነበር። ከነሱ አንዳቸውም ሕገ መንግሥት ውስጥ አልገቡም።

ሒሳቡ ቁልቁልም ይሠራል። ነጋሲ ከሞቱ ሦስት መቶ ዓመት አልፏል። ልጆቻቸው በወንድም በሴትም ተዋልደው መንዝን፣ ግሼን፣ መርሐቤቴንና ተጉለትን ሲያዳርሱ ኖረዋል። ዛሬ መሐል ሜዳ ገበያ ሙክቱን እየጎተተ ዋጋ የሚከራከረው ሰውዬ የነጋሲ ልጅ ቢሆን ምን ይደንቃል? ስለዚህ «የደጃዝማች ዘር ነኝ» የሚል ሰው ሲገጥማችሁ አትሳቁበት፤ እውነቱን ሊሆን ይችላል። የሚያሳዝነው ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ እረኛም፣ የእረኛው አማትም ያው መሆናቸው ነው። ወደ ላይ ሲቆጥር ደጃዝማች ያላገኘ መንዜ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። እረኛ ያገኘም አልገጠመኝም፤ በዚያ ሁሉ የበግ አገር!

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ፤ ርስት ቀረ። አዋጁ ለአንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይፈቀድም ይል ነበር። መንዝ ውስጥ 10 ሄክታር እንዲሞላለት የፈለገ ሰው ገደሉንም አብሮ ማስለካት ነበረበት። መሬት የሚገኘው በገበሬ ማኅበር አባልነት፣ የመሬት ክርክር የሚዳኘውም እዚያው ሆነ። አቅኚ አባት ሥራ ፈታ። የአባቴ አጎትም አብረው ሥራ ፈቱ፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመት ለሠርግ ብቻ እየቆጠሩ ኖሩ። አንድ ትውልድ እንኳ ሳያልፍ አሥር አሥራ ሁለት አባት ይወርድ የነበረው አንደበት ሦስት ስም ላይ ቆመ። የቀበሌ መታወቂያውም ከዚያ በላይ አይጠይቅም፤ ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። መንግሥት ከአያት በላይ ላለው ዘመድህ ደንታ የለውም።

ደንታ ያደረበት ጊዜ ደግሞ ባላደረበት የሚያሰኝ ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የመሬት ሽግሽግ ሲደረግ «ፊውዳል» ወይም «ቢሮክራት» የተባለ ሰው መሬቱ ይቀነስበት ነበር። ይህ በተሰማ ሰሞን ፊታውራሪ አያት የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት ያለ አያት አደረ። ቀኛዝማቹ በቅሎ ጫኝ፣ ባላምባራሱ ዘበኛ ሆኑ። አባት ቆጥሮ መሬት ይወስድ የነበረ አገር አባት ክዶ መሬት አስቀረ። በርካታ ሰው በግፍ መሬቱን አጥቷል፤ ያን ለማሳቅ አላነሣሁትም። የተካዱት አያቶች ግን ብዙ አልቆዩም፤ ነገሩ ሲበርድ አንድ በአንድ ተመለሱ፤ አሁን በሠርግና በተዝካር ላይ ሙሉ ማዕረጋቸውን ይዘው ይጠራሉ። ገበሬው ዛሬ በእጁ ያለው አረንጓዴ የይዞታ ደብተር ነው፤ ላዩ ላይ የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ተለጥፎበታል። አያት የሚለጠፍበት ቦታ የለውም።

ከእህቴ ልጅ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ነገር አየሁ። የወንዶቹ ሣጥኖች ሞልተዋል፤ የሴቶቹ ግን ከአያት በላይ ባዶ ናቸው። «የሴቶቹን ለምን ተውካቸው?» አልኩት። «ጋሼ፣ የሚያውቅ ጠፋ እኮ» አለኝ።

ይህ ሲገርመኝ ሰነበተ። ርስት ክፉም ቢሆን ሴት አይረሳም ነበር። መሬቱ በሷ በኩል ይመጣላ! የአባቴ አጎት የማንንም ቤት ሲቆጥሩ «እሷ ደግሞ እገሌን ወለደች፣ እገሌም እገሊትን» እያሉ ሴቶቹን አንድ ሳይዘሉ ነበር የሚያወርዱት፤ አንዲት አያት ከጠፋች አንድ እርሻ ጠፋ ማለት ነውና። የሦስት ስሙ መታወቂያ ሲመጣ ግን ሁሉም በአባት በአባት ሆነ፤ ሴቶቹም ቀስ በቀስ ከአፍ ወጡ። የምኒልክን አባት አያት ቅድመ አያት እስከ ነጋሲ የሚወርድላችሁን ሰው ስለ እናታቸው ስለ እጅጋየሁ ጠይቁት፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ታገለግል እንደነበረ ሰምቶ ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አንድ ቤት እንኳ አይወጣም። የንጉሠ ነገሥት እናት እንዲህ ከሆነች የኔይቱን ማን ያውቃታል?

የስሙም ነገር አለ። የእኛ ሰው ባለ ብዙ ስም ነው። ምኒልክ ሲወለዱ ሣህለ ማርያም ነበሩ፤ በፈረስ ስማቸው አባ ዳኘው ይባላሉ። ገበሬውም አቅሙ በፈቀደ የዓለም ስምና የክርስትና ስም አለው፤ ካህኑ በተዝካሩ በአንዱ ሲጠራው ጎረቤቱ በሌላው ያለቅሰዋል። ሴቷ ላይ ደግሞ አንድ ይጨመራል፤ ተድራ ስትሄድ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላታለች። እናቷ ባወጣችላት ስም የሚጠራት የተወለደችበት መንደር ብቻ ነው፤ እዚያም የምትመለሰው ለዓመት በዓልና ለለቅሶ ነው። ልጆቿ አማቷ ያወጣችላትን ይዘው ያድጋሉ፤ የልጅ ልጆቿ «እማማ» ብቻ ይሏታል፤ ከዚያ በኋላ ሣጥኗ ባዶ ነው።

ስለዚህ የዘር ሐረግ ልታወጡ የተነሣችሁ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ባሕር ማዶ፣ ደጃዝማቹን ለጊዜው ተዉአቸው። እሳቸውን መጽሐፍ ጽፏቸዋል፤ የትም አይሄዱም። እናታችሁ ወይም አክስታችሁ በሕይወት ካለች ዛሬ ማታ ደውሉና የእናቷን እናት ስም ጠይቋት፤ የተወለደችበትንም፣ አማቷ ያወጣችላትንም። የየትኛው ቀዬ ልጅ እንደነበረችም አብራችሁ ጠይቁ። ስትነግራችሁ በቃል አትያዙት፤ ጻፉት።